ግቢዬ ውስጥ ያለውን ባልጋ ልንቀለው፣ ላዛውረው ወይስ ልተወው?

የደብረታቦሩ (ጥያቄ አቅራቢ) • ሚያዝያ 12

ሰላም ለሁላችሁ። ከፐርዝ በስተምሥራቅ ያለው የዳርሊንግ ሸንተረር ላይ ባለፈው ዓመት ቤት ገዝተን ገብተናል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ከጓሮ በኩል አጥሩን ተሻግሮ ጫካው ይጀምራል። መኪና ማቆሚያ ላሠራበት ባሰብኩት ቦታ መሐል ላይ ግን ዛፍ ልበለው ሣር ያልለየሁት ነገር ቆሟል። ግንዱ ከሰል ይመስላል፤ እጄን ሳሳርፍበት ጥላሸት ይዤ እመለሳለሁ። ቁመቱ ራሴ አጠገብ ይደርሳል። አናቱ ላይ አረንጓዴ ጎፈሬ አለው፤ ከጎፈሬው ሥር የደረቀው ቅጠል እንደ ጎጆ ክዳን ተንጠልጥሎ ግንዱን እስከ ወገቡ ሸፍኖታል። ልጆቼ «አንበሳው» ይሉታል።

ጎረቤቴ «ባልጋ» እንደሚባል ነገረኝ። መሬቱን ሊደለድልልኝ የመጣው ሰው ደግሞ «ነቅዬ እወስድልሃለሁ፤ ጥሩ ገንዘብም እከፍልሃለሁ» አለ። ከፍሎ ሊወስደው ከፈለገ እኔ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ቆም አልኩ። ባለቤቴ ወደ ግቢው ጥግ እናዛውረው ባይ ናት። የምታውቁ ካላችሁ አደራ፤ ሰውየው ማክሰኞ ተመልሶ ይመጣል።

ማሂ_ችግኝ • ሚያዝያ 12፣ ማታ

ወንድሜ፣ ማክሰኞ ሲመጣ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» በለው። እዚሁ ፐርዝ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ስሠራ 11 ዓመቴ ነው፤ የምነግርህ በእጄ ከነካሁት ነው።

የገለጽከው በእርግጥ ባልጋ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ዛንቶሪያ ፕራይሲ። «ዛንቶሪያ» ከግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ቢጫ ፍሳሽ ማለት ነው፣ ስለ ሙጫው። «ፕራይሲ» ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1842 እዚህ አካባቢ ዕፅዋት ሲሰበስብ በነበረው በጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራይስ ስም የተሰየመ ነው። በጥቅሉ የሣር ዛፍ የሚባሉት ወደ 30 የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው፤ ሁሉም በተፈጥሮ የሚበቅሉት አውስትራሊያ ውስጥ ብቻ ነው። ያንተው ዝርያ ደግሞ ከአውስትራሊያም የደቡብ ምዕራቡ ጥግ ብቻ ነው አገሩ፤ ከጄራልተን አካባቢ ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ አልባኒ ድረስ።

እዚያ ክልል ውስጥ ግን ቦታ አይመርጥም። ከባሕሩ አጠገብ ያለው ሜዳ አሸዋ ላይ ከባንክሲያ ዛፎች ጋር ታገኘዋለህ። እናንተ ያላችሁበት ሸንተረር ቀይ ጠጠር ላይ ደግሞ ከጃራና ከማሪ ዛፎች ሥር ይቆማል። ወንዝ ዳርም አለ። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ውኃ የማይቋጥር ድሃ አፈር ነው። ሌላው የዚህ አገር የአየር ጠባይ ነው፤ ዝናቡ እንደ አገራችን ክረምት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይወርድና ከዚያ በጋው ለወራት ጠብ ሳይል ያልፋል። ማዳበሪያ አብዝተው የገደሉትን ሰዎች አውቃለሁ።

ዕድሜውን ልንገርህ። ግንዱ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው የሚያድገው። ራስህ አጠገብ ከደረሰ መቶ ዓመት ሆኖታል ብትል ከእውነቱ ብዙም አትርቅም። አያቶቻችን ማይጨው ሲዘምቱ ይህ ተክል እዚያው መሬት ላይ የነበረ ይመስለኛል። ሰውየው ገንዘብ የሚከፍልህ ለዚህ ነው፤ መቶ ዓመት ጠብቆ የሚያሳድግ ነጋዴ የለም።

ስለ ማዛወሩ ደግሞ ለባለቤትህ ይህን አንብብላት። የባልጋ ሥር አፈር ውስጥ ካሉ ፈንገሶች ጋር ተጠላልፎ፣ ከእነሱ እየተመገበ ነው የሚኖረው። ሲነቀል ያ ሁሉ ይበጠሳል። ክፉው ነገር ወዲያው አለመሞቱ ነው። ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ አንድ ሁለት ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ሰዉም «ያዘልኝ» ብሎ ይደሰታል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጎፈሬው ከመሐል ሲሳብ ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለእናቴ ልደት ብዬ ከአንድ ሻጭ ትልቅ ባልጋ ገዛሁ። የፈቃድ ምልክት አልነበረውም፤ አልጠየቅሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቡናማ ስኳር በውኃ በጥብጬ እያጠጣሁ ተንከባከብኩት፤ እዚህ አገር ስኳር ይረዳዋል የሚል ወግ አለ። በሦስተኛው ዓመት ሞተ። እናቴ ግንዱን ዛሬም አልጣለችውም።

ሕጉም አለ። የአገሬው ዕፅዋት በዚህ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ሕግ የተጠበቁ ናቸው። የራስህ መሬት ላይ ቢሆንም ነቅሎ ለንግድ ማዋል ፈቃድ ይጠይቃል። ሰውየውን ፈቃዱን አሳየኝ በለው።

የደብረታቦሩ • ሚያዝያ 13

ማሂ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ስለ እናትሽ ያለውን ስትሰማ ዝም አለች። ሰውየውን ደውዬ አይሆንም ብዬዋለሁ። ስለ ፈቃዱ ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ግንዱ የጠቆረው ታሞ ነው?

ቢንያም_ዘ_ሂልስ • ሚያዝያ 13

አልታመመም፤ የተቃጠለ ነው። እኔም እዚያው ሸንተረር ላይ ነው የምኖረው። ማሂን አከብራታለሁ፤ ግን የእኔን ምክርም ስማ። ያ የደረቀ ቀሚሱ ችቦ ነው። ሙጫም አለበት፤ እሳት ሲነካው ሽው ብሎ ነው የሚያያዘው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የዉሩሉ ሰደድ እሳት 86 ቤት ሲበላ እኛ ሌሊት ልጆች በብርድ ልብስ ጠቅልለን ነው የወጣነው። ከቤትህ ግድግዳ ስንት ሜትር ይርቃል? ቅርብ ከሆነ እኔ ብሆን አልተወውም። የዛፍ ዕድሜ ከሰው ሕይወት አይበልጥም።

ማሂ_ችግኝ • ሚያዝያ 13

ቢኒ፣ የዚያን ሌሊት ነገር ሳስበው ዛሬም ያመኛል፤ የምትለውን አልንቅም። ቤት አጠገብ ያለ ባልጋ የደረቀው ቀሚሱ መቆረጥ አለበት፤ እኔም ለደንበኞቼ የምለው ይህንኑ ነው። ግን ቀሚሱን መቁረጥ ሌላ፣ ተክሉን መንቀል ሌላ። አረንጓዴውን ሳትነካ የደረቀውን ብቻ ከሥር ወደ ላይ በመቀስ ታነሳለህ። ከበጋው በፊት አሁን ቢሠራ ጥሩ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ጫካ ውስጥ ያሉትን ግን ማንም እንዳይነካ። እዚያ ቀሚሱ የብዙ ፍጥረት ቤት ነው። ማርዶ የምትባል አይጥ የምታክል፣ እንደ ካንጋሮ ከረጢታማ ከሚባሉት እንስሳት ወገን የሆነች ትንሽ እንስሳ አለች፤ እዚያ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች። ኩዌንዳ የሚባለውም አፍንጫ ሹል እንስሳ ከሥሩ ይሸሸጋል።

ጋሽ_አበራ_ሜልበርን • ሚያዝያ 14

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝና ልጻፍ። በወጣትነቴ ባሌ ተራሮች ላይ በደን ሥራ 9 ዓመት አሳልፌያለሁ። እዚህ አገር መጥቼ መጀመሪያ የሣር ዛፍ ያየሁ ዕለት ልቤ «ጅባራ!» ነው ያለው። ሳኔቲ ላይ በጉም ውስጥ ቆሞ እንደሚታየው ሁሉ፣ ግንድ፣ ጎፈሬ፣ ከመሐሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚወጣ የአበባ ዘንግ። ቀርቤ ስመረምር ግን ዝምድና የላቸውም። ኑሯቸውም ተቃራኒ ነው። ጅባራ ለዓመታት ስንቁን ሲያጠራቅም ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ጠላቱ ውርጭ ነው፤ ሌሊት ሲበርድ ቅጠሉን ሰብስቦ እንቡጡን ያቅፋል። ባልጋ ብዙ ጊዜ ያብባል፤ የለመደውም ጠላት እሳት ነው።

እሳቱን እንዴት እንደሚችለው ልንገራችሁ፤ ይህ ነገር ያስደንቀኛል። የባልጋ ግንድ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ጽድ እንጨት አይደለም። ውስጡ ቃጫ ነው። ውጩ የድሮ ቅጠሎች ግርጌ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድሮ፣ በራሱ ሙጫ ተጣብቆ የቆመ ቅጥር ነው። ሰደድ እሳት ሲመጣ የሚነደው ቀሚሱና ጎፈሬው ነው። ዕድገቱ የሚጀምርበት እንቡጥ በጎፈሬው መሐል ጠለቅ ብሎ፣ በእነዚያ የቅጠል ግርጌዎች ተከቦ ስለሚቀመጥ ሙቀቱ አይደርሰውም። ከሳምንታት በኋላ ከከሰሉ መሐል አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ይላል። ሌላው ጫካ ገና አመድ ለብሶ ሳለ ባልጋ ጎፈሬውን አበጥሮ ይቆማል።

ከዚያ ያብባል። ሳይቃጠልም ያብባል፤ ግን እሳት ካለፈበት በኋላ ያለው አበባ ሌላ ነው፤ ጫካው በሙሉ ጦር የሰበቀ ሠራዊት ይመስላል። ምክንያቱን የዕፅዋት ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ጭሱ ውስጥ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ፤ ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ያው ጋዝ ነው። ተክሉ እሱን ሲያገኝ የአበባ ጊዜ ደረሰ ይላል።

አቶ ቢንያም፣ ስለ ሰው ሕይወት ያልከው ትክክል ነው። እሳትን ያየ ሰው አይቀልድበትም።

ትርሲት_ጎንደር • ሚያዝያ 15

ጋሽ አበራ፣ እርስዎ የጻፉትን ሳነብ በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ሲቃጠል የነበረው ትዝ አለኝ። ሰዉ በቅጠልና በአፈር ሲታገል፣ መጨረሻ ላይ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ምን ያህል ቀን በጭንቀት እንዳሳለፍን። አስታው ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ፤ ስለሱ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ጎንደር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ባልጋ ከጅባራ ጋር ባይዛመድም ሌላ የምናውቀው ዘመድ አለው፤ እሬት! አሁን ባለው የዕፅዋት አመዳደብ ሁለቱም አንድ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፤ አስፎዴላሴ ይባላል። በደጋችን በመንገድ ዳር የሚታዩት፣ አበባቸው እንደ ችቦ ቀይና ብርቱካናማ የሆነው ክኒፎፊያዎችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አላመኑኝም፤ እሬትና ከሰል የለበሰ ግንድ! ቅጠሉን ግን አስቡት፤ ከአንድ መሐል ዙሪያውን የሚወጣ፣ ከመሐሉም ቀጥ ያለ የአበባ ዘንግ የሚያቆም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘሩን ወደ አገር ቤት መላክ ይቻላል? ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ብተክለው ደስ ባለኝ።

ጋሽ_አበራ_ሜልበርን • ሚያዝያ 15

ትርሲትዬ፣ ልጄ፣ ሐሳብሽ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አልቆጣም፤ ግን አይሆንም። ከዚህ አህጉር ወደ አገራችን የመጣ አንድ ዛፍ አውቃለሁ፤ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ። አዲስ አበባን ማገዶ ካሳጣት ችግር አውጥቷታል፤ ውለታውን አልክድም፤ የስንት ቤት ምሰሶ፣ የስንት ገበሬ ኪስ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ምን በቀለ? የአገሩ ቁጥቋጦ የት ሄደ? ምንጭ ዳር የተተከለበት ሁሉ ምን ሆነ? እኔ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው ያረጀሁት።

ባልጋ እንደ ባሕር ዛፍ ይወራል ማለቴ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ዘርና አፈር ከአህጉር አህጉር ሲሄድ ግን ብቻውን አይሄድም፤ የማናየውን ይዞ ነው የሚሄደው። የኳራንቲን ሕግ ያለው ለዚህ ነው። ለተማሪዎችሽ ጅባራውን አሳዪያቸው፤ ደባርቅ ቅርብሽ ነው።

ማሂ_ችግኝ • ሚያዝያ 16

ጋሽዬ የማናየውን ያሉት እዚህ እያለቀስንበት ያለውን ነገር ነው። ትርሲትም የደብረታቦሩም ይህን ስሙ።

ፊቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል የሥር አበስብስ በሽታ አለ። ፈንገስ ይመስላል፤ ግን ከውኃ ሻጋታ ወገን ነው። ከውጭ የገባ ነው። በደቡብ ምዕራቡ ካሉት የአገሬው ዕፅዋት ከመቶ 40 ያህሉ ይጠቁበታል፤ ባንክሲያ፣ ጃራ፣ ባልጋም። ሥሩን ይበላና ተክሉ ውኃ በአጠገቡ እያለ በጥም ይሞታል። አቮካዶ የሚያበሰብሰውም ራሱ ነው። የሚጓዘው በጭቃ ነው፤ በጫማ ሶል፣ በመኪና ጎማ፣ በቁፋሮ ማሽን ጥርስ። አንድ ጊዜ ከገባ ከአፈሩ ማውጣት አይቻልም፤ ፎስፋይት የሚባል መድኃኒት እየረጩ ወይም ግንድ ውስጥ እየወጉ ማዘግየት ነው ያለው። የባንክሲያው ጫካ በቤት ግንባታም በዚህም ተመናምኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በፌዴራል መንግሥቱ አደጋ ላይ ከወደቁ የዕፅዋት ማኅበረሰቦች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

የጫካ መንገድ መግቢያ ላይ ብሩሽና መርጫ ተቀምጦ ካያችሁ ለዚህ ነው። ስንቶቻችን ዝም ብለን እንዳለፍነው ራሴን ጨምሬ አውቃለሁ። ጫማችሁን አራግፉ፤ ሲገቡም ሲወጡም።

የደብረታቦሩ፣ ያ ደልዳይ ወይም ሌላ ሰው ማሽን ይዞ ሲመጣ ከሌላ ቦታ የለጠፈውን ጭቃ አጥቦ እንዲገባ ንገረው። ግቢህ ከጫካው ጋር አንድ ተዳፋት ላይ ነው፤ አንተ ዘንድ የገባ በዝናብ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል።

ንብ_አናቢው • ሚያዝያ 18

ከአደላይድ ነኝ፤ ትውልዴ ዳንግላ። ስለ አበባው ማንም ስላልተናገረ ገባሁ።

ዘንጉ ከላይ እስከ ታች በጥቃቅን ነጫጭ ክሬም መልክ አበባ ይሞላል፤ ወለላው እላዩ ላይ እንደ ጤዛ ይንጠባጠባል። ንብ፣ ወፍ፣ ጉንዳን፣ ቢራቢሮ ሁሉም እዚያ ነው። አንድ ነገር አስተውሉ፤ አበባው በአንድ ጊዜ አይከፈትም። መጀመሪያ የሚከፈተው ፀሐይ የሚሞቀው ጎን ነው፤ እዚህ ደቡቡ የምድር ክፍል ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለሆነች ሰሜኑን የሚያየው ጎን ይቀድማል። በጫካ የሚጓዝ ሰው አቅጣጫ ይለይበታል።

ፐርዝ ያላችሁ የአገሩ ባለቤቶች ኑንጋሮች አበባውን ውኃ ውስጥ ነክረው ጣፋጭ መጠጥ ያዘጋጁበት ነበር። ይህን ስሰማ «ብርዝ ነዋ!» አልኩ። እናቴ ለእንግዳ የምትበጠብጠው ማር ትዝ አለኝ።

የደረቀው ዘንግ ደግሞ ዋጋ የለውም ብላችሁ አትቁረጡ። እኛ ጋ ካንጋሮ ደሴት ላይ አረንጓዴ ትልቅ ንብ አለች፤ እንጨት እየቦረቦረች ልጆቿን የምታሳድግ። የሣር ዛፍ ደረቅ ዘንግ ለስላሳ ስለሆነ አንዱ ዋና ቤቷ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እና 2020 በጋ ደሴቲቱ ስትቃጠል ጎጆዎቿም አብረው ተቃጠሉ። የሣር ዛፉ ከእሳት በኋላ አዲስ ዘንግ ያወጣል፤ ደርቆ ለእሷ ቤት እስኪሆን ግን ጊዜ ይፈጃል፤ የጥበቃ ሰዎች በመሐል እንዳትጠፋ ለስላሳ እንጨት እየሰቀሉ ረድተዋታል። እኔም ንብ ጠባቂ ነኝ፤ ሥራው ገብቶኛል።

የደብረታቦሩ • ሚያዝያ 19

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ልጆቹን ይዤ ከአጥሩ በስተጀርባ ወጣሁ፤ ጫማችንን አራግፈን። ከዚህ በፊት ቁጥቋጦ ብዬ አልፌው የነበረው ሁሉ ባልጋ ነው። ገና ግንድ ያላወጣ መሬት ላይ የተቀመጠ አለ፤ ሁለት ራስ ያለውም አለ። አንድ ቅጠል ወድቆ አንሥቼ በጣቶቼ መሐል ላሽከረክረው ሞከርኩ፤ እንደ ሣር ክብ ወይም ጠፍጣፋ አይደለም፤ አራት ማዕዘን አለው፤ ይሰባበራል።

አንዱ ግን ግራ አጋባኝ። እሱም ግንድ አለው፣ ጎፈሬ አለው፤ ቅጠሉ ግን ብርማ ነው፤ ረጅም ዘንግ በመሆን ፈንታ አናቱ ዙሪያ ላይ የከበሮ መምቻ የሚመስሉ ብዙ አጫጭር እንጨቶች ቆመዋል። እሱም ባልጋ ነው?

ማሂ_ችግኝ • ሚያዝያ 19

እሱ ኪንጊያ ነው! እንዴት ያለ መልካም ዓይን ነው ያለህ። መልክ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ ሌላ ቤተሰብ ነው። አንድ ጠጠር ላይ፣ አንድ እሳት ሥር ለዘመናት ሲኖሩ ተመሳሰሉ። እሱም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ እንዳትነካው።

ቢንያም_ዘ_ሂልስ • ሚያዝያ 20

አንድ የቆየ ነገር ልጻፍ፤ ልቤ ላይ ስለነበረ ነው። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሥራ ቦታ አንድ ሽማግሌ ባልደረባ የዚህን ተክል የድሮ ስም ነገረኝ። ቃሉን አልደግመውም፤ ግንዱን ጥቁር ሰው፣ ዘንጉን ጦር አድርገው ሰፋሪዎቹ ያወጡለት፣ በቀለማችን ላይ የሚያላግጥ ስም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የሠለጠኑበት ግሪንማውንት ያለው ኮረብታ ሳይቀር በዚያ ስም ነው የሚጠራው። ሰውየው በክፋት እንዳልተናገረው አውቃለሁ፤ እኔ ግን ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ተክሉን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። እንዲነቀል የመከርኩህ በእሳቱ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ነው የገባኝ።

ጋሽ_አበራ_ሜልበርን • ሚያዝያ 20

ቢንያም ልጄ፣ አይዞህ። ያን ስም ያወጡት እንግዶች ናቸው። የባለቤቶቹ ስም ባልጋ ነው፤ ከእነሱ በፊትም ከእነሱ በኋላም። ፐርዝ ውስጥ ከሚራቡካ አጠገብ ባልጋ የሚባል ሰፈር አለ አይደል? በዚሁ ተክል የተሰየመ ነው፤ ከእኛም ሰዎች ብዙ የሚኖሩበት አካባቢ ነው።

ኑንጋሮች ከዚህ ተክል ያላወጡት ጥቅም አልነበረም። በሙጫው የድንጋዩን መጥረቢያ፣ ኮጅ የሚሉትን፣ ከእጀታው ጋር ያጣብቁ ነበር፤ ሙጫውን ከከሰልና ከካንጋሮ ፍግ ጋር አሙቀው ያዋህዱታል። ብቻውን ቢሆን ይሰነጠቃል፤ ጭቃ ያለ ጭድ እንደማይሆነው ነው። ደረቁን ዘንግ እያሹ እሳት ያወጡበታል፤ በቅጠሉ መጠለያ ይከድናሉ። ከበሰበሰ ግንድ ውስጥ ባርዲ የሚባለውን ወፍራም ትል አውጥተው ይበላሉ። ዓመታቸውን የሚቆጥሩት በስድስት ወቅት ነው፤ ቢራክ፣ ቡኑሩ፣ ጄራን፣ ማኩሩ፣ ጂልባ፣ ካምባራንግ። አሁን ጄራን ላይ ነን፤ ቀዝቀዝ ማለት የሚጀምርበት። አሥራ ሦስት ወር ላለን ሰዎች የሌላውን አቆጣጠር ማክበር አይከብደንም።

ጫካውንም በየቦታው በልክ ያቃጥሉ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ አንዴ የሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። የባልጋን ግንድ ጥቁሩን ፍቀው ሲያዩት የቀለም መስመር ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ዋርድ፣ ላሞንትና ባሮውስ ከሰፈራው በፊት ከ3 እስከ 5 ዓመት አንዴ ይቃጠል ነበር ብለው ከዚያ አነበቡ። ሌሎች ደግሞ መስመሩ እሳትን ብቻ አያሳይም ብለው ተቃወሟቸው። እኔ በበኩሌ ግንዱ የሚናገረው አለ ባይ ነኝ፤ ግን በአንድ ምስክር ብቻ አይፈረድም።

ቢንያም_ዘ_ሂልስ • ሚያዝያ 20

እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ አበራ። የደብረታቦሩ፣ ቅዳሜ መቀስና ጓንት ይዤ እመጣለሁ፤ ቀሚሱን አብረን እንቆርጣለን። አድራሻህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

የደብረታቦሩ • ጥቅምት 9

ወገኖቼ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስኩ። መኪና ማቆሚያው ተሠራ፤ ሠሪው መስመሩን ሁለት ሜትር ገፋው፤ ትንሽ ጠመዝመዝ ብሎ ነው የሚገባው። ባልጋው ቦታው ላይ አለ። ቢኒ ቃሉን ጠብቆ መጥቶ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ሠራ፤ አሁን ቤተሰብ ሆነናል።

ግንቦት ላይ የመንግሥት ሠራተኞች ከአጥሩ ማዶ ያለውን ጫካ አስቀድመው አሳውቀው በቁጥጥር አቃጠሉት። ሁለት ቀን ጭስ ውስጥ ነበርን። ባለቤቴ መስኮት ላይ ሆና ስታለቅስ አየኋት፤ ለባልጋዎቹ። ጋሽ አበራ የጻፉትን እያነበብኩ አጽናናኋት። በሰኔ መጨረሻ ጎፈሬያቸው መጣ። አሁን ደግሞ ማዶው በሙሉ ዘንግ ነው፤ አንዳንዱ ከእኔ ቁመት በላይ ነው። ትናንት ከልጆቹ ጋር ቆመን የትኛው ጎን እንደቀደመ አየን፤ እውነትም ሰሜኑ ነው። ታናሿ «ወፎቹ ፊታቸውን ቢጫ ተቀብተዋል» አለች።

የእኛው አንበሳ ግን አላበበም። እሳቱ አልደረሰበትም፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ አዲስም ያወጣል። ማሂ፣ ልጆቹ ከዘር አንድ ማብቀል ይፈልጋሉ። ከማዶ መልቀም እችላለሁ? መቼ ነው የሚደርሰው?

ማሂ_ችግኝ • ጥቅምት 9

አነበብኩትና ለእናቴ ደወልኩላት።

ከማዶው አትልቀም፤ የመንግሥት ጫካ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ዘሩን ፈቃድ ያላቸው ችግኝ ጣቢያዎች ይሸጣሉ። እኛም ጋ አለ፤ ለልጆቹ ከእኔ ነው። የሸንተረሩን ዘር እመርጥልሃለሁ። ጥቁርና ሹል ነው፤ ያለ ብዙ ችግር ይበቅላል፤ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አያስፈልገው። ጥልቅ ማሰሮ ምረጡ፤ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል። አሸዋ የበዛበት አፈር፣ ፎስፎረስ ያለው ማዳበሪያ አይደረግበት። ውኃው ረጠብ የሚያደርግ ያህል እንጂ የሚያቁር አይሁን። የግቢያችሁን አፈር አትጠቀሙ፤ ንጹሕ አፈር ከጣቢያው እሰጥሃለሁ።

መጀመሪያ የሚወጣው አንድ ቀጭን ክር ነው፤ ሣር መስሏቸው እንዳይነቅሉት ማሰሮው ላይ ስም ይጻፉበት። ግንድ ሲያወጣ ታናሿ ትልቅ ሴት ትሆናለች። ሐሙስ እስከ አሥር ሰዓት አለሁ፤ ይዘሃቸው ና።

ትርሲት_ጎንደር • ጥቅምት 10

ማሂ፣ ክሩ ሲወጣ ፎቶ ላኪልኝ፤ ለክፍሌ አሳያቸዋለሁ። እኛ ደግሞ ኅዳር ላይ ወደ ደባርቅ እንወጣለን፤ 34 ተማሪ ተመዝግቧል። ጋሽ አበራ፣ ጅባራው ሌሊት ቅጠሉን ሲሰበስብ ለማየት ስንት ሰዓት ላይ መድረስ አለብን?

ጋሽ_አበራ_ሜልበርን • ጥቅምት 10

ፀሐይ ስትጠልቅ ድረሱና ልጆቹ ወፍራም ልብስ ይልበሱ። ከዚያ ንጋት ላይ ውርጩ ሳይሟሟ እንደገና ውሰጃቸው፤ ፀሐይዋ ስትነካው ሲከፈት የሚያዩት ያኔ ነው።